አምስት ሰው በአንድ ክፍል፦ የዲዝኒ ዎርልድ መካከለኛ ሆቴሎች ለወሎ ቤተሰብ ሲነጻጸሩ

ልጁ ወይም እህቱ አሜሪካ ያለችበት የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ቤተሰብ ይህን ነገር ያውቀዋል። እናት የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት ወደ ቨርጂኒያ ወይም ወደ ሜሪላንድ የሚሄዱበትን ቪዛ ያገኛሉ፤ እዚያ ያሉት ደግሞ «እማዬ ከመጣች አይቀር ልጆቹንም ይዘን ፍሎሪዳ ደርሰን እንመለስ» ይላሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሆቴል ፎቶግራፎች በቴሌግራም ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳሉ። በፎቶግራፍ ሁሉም ገንዳ ሰማያዊ፣ ሁሉም አልጋ ነጭ ስለሆነ፣ ምርጫው ብዙውን ጊዜ በሥዕሉ ማማር ወይም በዋጋው ማነስ ብቻ ይወሰናል። በእኛም ቤት ነገሩ የተጀመረው እንዲሁ ነበር። እህቴ ቨርጂኒያ፣ እኔ ደሴ ሆነን ለሁለት ሳምንት ያህል ስናመዛዝን የቆየነውን፣ ሌላው ቤተሰብ እንደገና ከሀ እንዳይጀምር በማሰብ እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

ተጓዦቹ አምስት ነበሩ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የ71 ዓመት እናታችን፣ እህቴና ባለቤቷ፣ የ11 ዓመት ሴት ልጃቸውና የ4 ዓመት ወንድ ልጃቸው። አምስት ለሆቴል ክፍል የማይመች ቁጥር መሆኑን የተረዳነው ዘግይተን ነው። ንጽጽሩ ቀስ በቀስ ከገንዳና ከጌጥ ርቆ ወደዚህ ቁጥርና ወደ እናታችን ጉልበት የዞረውም በዚህ ምክንያት ነው።

መካከለኛ የሚባለው ምኑ ነው?

ዋልት ዲዝኒ ዎርልድ በፍሎሪዳ ግዛት፣ በኦርላንዶ ከተማ አጠገብ የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተ የመዝናኛ ስፍራ ነው። ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ መናፈሻ ሳይሆን አንድ ከተማ እንደሆነ አድርጎ ማሰብ ይሻላል። በውስጡ አራት ትልልቅ ፓርኮች አሉ፤ የመጀመሪያው ማጂክ ኪንግደም ሲሆን፣ በ1982 ኤፕኮት፣ በ1989 ዛሬ ሆሊውድ ስቱዲዮስ የሚባለው፣ በ1998 ደግሞ አኒማል ኪንግደም ተጨምረዋል። ከአንዱ ፓርክ ወደ ሌላው በእግር ለመሄድ ማሰብ፣ ከጥቂት ቦታዎች በቀር፣ ከደሴ ፒያሳ ተነስቶ ሐይቅ ከተማ በእግር ለመድረስ እንደማሰብ ነው።

ኩባንያው የራሱን ሆቴሎች በዋጋ ርካሽ፣ መካከለኛና ውድ ብሎ ይከፍላቸዋል። በመካከለኛው ደረጃ ዛሬ ያሉት አራት ናቸው፤ ካሪቢያን ቢች፣ ኮሮናዶ ስፕሪንግስ፣ ፖርት ኦርሊንስ ፍሬንች ኳርተርና ፖርት ኦርሊንስ ሪቨርሳይድ። የፎርት ዊልደርነስ የእንጨት ጎጆዎችም ቀድሞ በዚሁ ደረጃ ይቆጠሩ ነበር፤ በ2024 በአዲስ ተተክተው ወደ ውዱ መደብ ስለተዛወሩ፣ ከዚያ በፊት የተጻፈ ምክር የሚያነብ ሰው ይህን ልብ ይበል።

እዚህ ላይ «ሪዞርት» የሚለው ቃል ያሳስታል። እኛ ዘንድ ሪዞርት ማለት ቢሾፍቱ ወይም ላንጋኖ ሄዶ፣ ቅጥር ግቢው ውስጥ ውሎ፣ ሐይቁን እያዩ ምሳ በልቶ የሚመለሱበት ቦታ ነው፤ ሆቴሉ ራሱ የጉዞው ዓላማ ነው። በዲዝኒ ግን ቤተሰቡ በጠዋት ወጥቶ ፓርክ ይውላል፤ ማታ እግሩ አብጦ፣ የተኛ ሕፃን ታቅፎ ይመለሳል። ስለዚህ ከሎቢው ጌጥ ይልቅ ከመኝታ ክፍሉ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ያለው ርቀት የበለጠ ይመዝናል። እኔ በግሌ ከዚህ የሚበልጥ መመዘኛ አላገኘሁም፤ በቤተሰቡ ውስጥ በጣም ቀስ ብሎ የሚራመደው ሰው ማን ነው ብሎ መጠየቅና ሆቴሉን በእሱ እግር መለካት ነው።

ለመካከለኛው ደረጃ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ምን ይገዛል የሚለውም መታወቅ አለበት። በዲዝኒ ሆቴል ያደረ ሰው ሁሉ፣ በርካሹም ቢያድር፣ ፓርኮቹ ለሕዝብ ከመከፈታቸው 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል፤ በነፃ አውቶቡስ ይመላለሳል፤ ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ መኪናውን በሆቴሉ በነፃ ያቆማል፤ በክፍያ ረጅሙን ሰልፍ የሚያሳጥረውን የቀጠሮ አገልግሎትም ሌላው ጎብኚ በ3 ቀን በሚይዝበት ጊዜ እሱ በ7 ቀን ቀድሞ ይይዛል። መካከለኛው በዚህ ላይ የሚጨምረው መንሸራተቻ ያለው ገንዳ፣ ዛፍና ውሃ ያለበት ጸጥ ያለ ግቢ፣ ትንሽ ሰፋ ያለ ክፍልና የተሻለ ምግብ ነው። ውዱ ሆቴል የሚጨምረው ደግሞ ቅርበትን ነው፤ በአንዳንድ ምሽቶች ፓርክ ውስጥ አምሽቶ የመቆየት መብትም የውዶቹ እንግዶች ብቻ ነው። የ4 ዓመት ሕፃንና የ71 ዓመት እናት ይዞ እኩለ ሌሊት ድረስ የሚያመሽ ስለሌለ፣ ይህኛው መብት ቢቀር አይቆጭም።

ካሪቢያን ቢች

ከአራቱ ሁሉ ቀድሞ፣ በ1988 የተከፈተው ይህ ነው። 18 ሄክታር ገደማ የሚሆን ሰው ሠራሽ ሐይቅ መካከል ላይ ተኝቷል፤ በዙሪያው በካሪቢያን ደሴቶች ስም የተሰየሙ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ቀለማማ ሕንፃዎች ተሰድረዋል። የሆቴሉ ትልቁ ጥቅም ግን ሐይቁ ሳይሆን በ2019 የተከፈተው ስካይላይነር ነው፤ ይኸውም በብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥለው የሚሄዱ፣ እያንዳንዳቸው እስከ አሥር ሰው የሚይዙ ሳጥኖች ማለት ነው። መስመሮቹ ሁሉ የሚገናኙበት ዋናው ጣቢያ በዚህ ሆቴል ግቢ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ከዚያ ተነስቶ ወደ ሆሊውድ ስቱዲዮስ በአንድ መስመር፣ ወደ ኤፕኮት በሌላው መሄድ ይቻላል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሐረጎ ላይ በሚኒባስ መስኮት ቁልቁል ያየ ሰው በዚህ ከፍታ አይደነግጥም።

ሆኖም ሦስት ነገሮች መነገር አለባቸው። አንደኛ፣ ሳጥኖቹ ጣቢያ ላይ ቀስ ይላሉ እንጂ አይቆሙም፤ ለመራመድ ለሚቸገርና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ግን ሳጥኑ ቆሞ የሚያሳፍርበት የተለየ ስፍራ ስለተዘጋጀ፣ አዛውንት ይዞ የሚሄድ ሰው ሳያፍር ይህንኑ መጠየቅ አለበት። ሁለተኛ፣ መብረቅ ወይም ኃይለኛ ነፋስ ሲኖር አገልግሎቱ ይቋረጣል፤ በፍሎሪዳ ክረምት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የሌለበት ቀን ጥቂት ስለሆነ፣ ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ሳይሆን የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ተሳፋሪው ወደ አውቶቡስ ይዞራል። ሦስተኛ፣ ስካይላይነሩ ሕፃናት በብዛት ወደሚፈልጉት ወደ ማጂክ ኪንግደም አይሄድም፤ ወደዚያም ወደ አኒማል ኪንግደምም የሚኬደው በአውቶቡስ ነው።

የግቢው ስፋት ደግሞ ከሁሉ የከበደ ነው። ዋናው የመመገቢያ አዳራሽ በአንድ በኩል ስላለ፣ ሩቅ ሕንፃ የደረሰው ቤተሰብ ለቁርስ ብቻ የሐይቁን ዙሪያ ሊይዝ ይችላል። ሕንፃዎቹ ሊፍት የላቸውም። ሕፃናት የምሽግ ቅርጽ ያለውን ዋናውን ገንዳና ለትንንሾች የተሠራውን የውሃ መጫወቻ ይወዱታል። የእኛ ቤት የ11 ዓመት ልጅ ብቻዋን ብትመርጥ ኖሮ ያለ ጥርጥር ይህንን ትመርጥ ነበር፤ መራጭዋ ግን እሷ አልነበረችም።

ኮሮናዶ ስፕሪንግስ

በ1997 የተከፈተው ይህ ሆቴል የሜክሲኮንና የአሜሪካን ደቡብ ምዕራብ መልክ ይዟል። በ2019 የተጨመረው ባለ 15 ፎቅ ግራን ዴስቲኖ ግንብ 545 ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ከመካከለኛ ሆቴል ይልቅ ወደ ውዱ የሚጠጋ ነው፤ ሊፍት አለው፣ መተላለፊያው የተዘጋ ነው፣ ሎቢውም እዚያው ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው በግንቡ ውስጥ ክፍል ቢያገኝ ከአራቱ ሆቴሎች ሁሉ የተመቸ አዳር ሊያገኝ ይችላል፤ ዋጋው ግን በሐይቁ ዙሪያ ከተሰደሩት ዝቅተኛ ሕንፃዎች ክፍል ይበልጣል። በእነዚያ ሕንፃዎች ያረፈ ሰው በካሪቢያን ቢች የተነገረው የርቀት ችግር ይመለስበታል።

ገንዳው 15 ሜትር ከፍታ ያለው የማያ ፒራሚድ ሥር ተሠርቷል፤ መንሸራተቻውም 37 ሜትር ይረዝማል። ሆቴሉ ትልቅ የስብሰባ ማዕከል ስላለው ግን ጠዋት በሎቢው የሚገኘው ሰው ግማሹ የአንገት ባጅ ያጠለቀ የኩባንያ ሠራተኛ ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ ለባልና ሚስት ወይም ልጆቹ ለጎረመሱ ቤተሰብ ምግቡና ጸጥታው ጥሩ ነው። ሁሉም ጉዞ በአውቶቡስ መሆኑና አብዛኛው ክፍል ለአራት ሰው መሠራቱ ግን እኛን ከዚህ አስወጣን።

ሁለቱ ፖርት ኦርሊንሶች

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ከሁሉ ይልቅ የምናቅማማው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለነበር፣ የብዙው የወሎ ቤተሰብ ምርጫም እዚሁ የሚያበቃ ስለሚመስለኝ ነው። ፍሬንች ኳርተር በ1991፣ ሪቨርሳይድ ደግሞ በሌላ ስም በ1992 ተከፈቱ። ሁለቱም በአንድ ሰው ሠራሽ ወንዝ ዳር ይገኛሉ፤ አንዱ የኒው ኦርሊንስ ከተማን ጠባብ መንገዶችና የብረት ሰገነቶች፣ ሌላው የሚሲሲፒ ወንዝ ዳርቻን ገጠር ያስመስላል። በወንዙ ላይ ትንሽ ጀልባ ወደ ዲዝኒ ስፕሪንግስ ይመላለሳል፤ ይህም የመግቢያ ክፍያ የሌለው የገበያና የመመገቢያ ሰፈር ነው። ፓርክ ሳይገቡ፣ ቲኬት ሳይቆርጡ የሚያሳልፉት ቀን ማስገባት የሚፈልግ ቤተሰብ ጀልባውንና ይህን ሰፈር አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሊሰጠው ይችላል። እናታችን ከተመለሱ በኋላ ቡና ላይ ለጎረቤት ደጋግመው የሚያወሩት የፓርኩን ርችት ሳይሆን ይህን ጀልባ ነው።

ፍሬንች ኳርተር 1,008 ክፍሎች ብቻ ስላሉት ከመካከለኞቹ ሁሉ ትንሹ ነው፤ ካሪቢያን ቢች ከ1,500 በላይ፣ ሪቨርሳይድ ከ2,000 በላይ ክፍሎች አሏቸው። ትንሽነቱ ትልቁ በጎነቱ ነው። ሰባቱ ሕንፃዎች ባለ ሦስት ደረጃ ሆነው ሊፍት አላቸው፤ ሎቢው፣ ገንዳው፣ መመገቢያውና ጀልባው በአንድ አካባቢ ተሰብስበዋል፤ የአውቶቡስ ማቆሚያው አንድ ብቻ ነው። አንድ ማቆሚያ ማለት አውቶቡሱ በግቢው ውስጥ እየዞረ በየቦታው ሲቆም መቀመጫው ሞልቶ አይጠብቅም፣ ማታም «የእኛ የትኛው ነው?» ተብሎ አይጨነቁም ማለት ነው። በሌላ በኩል አስተናጋጅ መጥቶ የሚያዝበት ምግብ ቤት የለውም፤ በባንኮኒ ታዞ፣ በሰሃን ተይዞ የሚበላበት አዳራሽ ብቻ ነው ያለው። በዚያው የሚሸጠው ስኳር የተነሰነሰበት፣ በሚኪ ማውስ ጭንቅላት ቅርጽ የሚጠበስ ሊጥ ቦምቦሊኖን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንም።

ሪቨርሳይድ ሁለት ሰፈር አለው። አንደኛው ነጫጭ አምዶች ያሏቸው ባለ ሦስት ደረጃ ትልልቅ ቤቶች ሲሆኑ ሊፍት አላቸው። ሁለተኛው አሊጌተር ባዩ የሚባለው፣ በዛፍ የተከበቡ ባለ ሁለት ደረጃ የእንጨት መልክ ያላቸው ሕንፃዎች ሲሆን ሊፍት የለውም። ይሁንና ከሁለት ትልልቅ አልጋዎች በተጨማሪ ለሕፃን የሚሆን ትንሽ አልጋ ያለውና አምስት ሰው የሚይዘው ክፍል የሚገኘው በዚሁ በሁለተኛው ሰፈር ነው። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ያጋጫል፤ አምስተኛውን ሰው የሚያስተኛው ሕንፃ ደረጃ ያለው ነው፤ ሊፍት ያለው ሕንፃ ደግሞ አራት ሰው ብቻ ይይዛል። ግቢው ሰፊ በመሆኑ አራት የአውቶቡስ ማቆሚያዎች አሉት፤ ከሎቢው ርቆ ክፍል የደረሰው ሰው ለምግብም ለጀልባም ይራመዳል። በምትኩ አስተናጋጅ ያለው ምግብ ቤት አለው፤ ከፍሬንች ኳርተር ጋር በወንዙ ዳር በሚወስድ የእግር መንገድ ስለሚገናኝም የአንዱ እንግዳ የሌላውን ገንዳ መጠቀም ይችላል። ሰው ባነሰበት ሰዓት ሁለቱ አውቶቡስ የሚጋሩበት ጊዜም አለ።

ስለ ሰው ቁጥር ሕጉ እንዲህ ነው። በመካከለኛ ሆቴል የተለመደው ክፍል አራት ሰው ይይዛል፤ ከ3 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በሕፃን አልጋ የሚተኛ ከሆነ ከቁጥር ውጪ ይጨመራል። የ4 ዓመቱ ልጅ ግን ሙሉ ሰው ነው። «አያት ጋር ይተኛል፣ ማን ያውቃል?» የሚለው የእኛ አገር ዘዴ እዚያ አይሠራም፤ ቲኬቱም፣ የክፍሉ በር መክፈቻም፣ ቀጠሮውም በእያንዳንዱ ሰው ስም የተያያዘ ስለሆነ ቆጠራው ከመጀመሪያው እውነተኛ መሆን አለበት። ከዚህ የተነሣ ፍሬንች ኳርተርን ስንወደው ኖረን ተውነው፤ ለአምስት ሰው ሁለት ክፍል መያዝ ግድ ይሆን ነበርና። አራት ሆነው ለሚሄዱ፣ በተለይም አንድ አዛውንት ላሉባቸው፣ ያለ ማመንታት የምመክረው ግን ይህንኑ ነው።

ስድስት ለሆኑስ?

በወሎ ቤተሰብ ስድስትና ሰባት ብርቅ ቁጥር አይደለም። ለዚህ የሚሆን አንድ አማራጭ ከመካከለኛው መደብ ውጪ አለ። አርት ኦፍ አኒሜሽን የተባለው፣ በ2012 የተከፈተው ሆቴል በርካሹ መደብ የሚቆጠር ቢሆንም፣ 1,120 የቤተሰብ ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው ስድስት ሰው ይይዛሉ፤ ሁለት መታጠቢያ ቤት፣ ለብቻው የሚዘጋ መኝታ ክፍል፣ ማቀዝቀዣና ማይክሮዌቭ አላቸው። ስካይላይነሩም በደጃፉ ይነሳል። ስሙ ርካሽ ይሁን እንጂ የቤተሰብ ክፍሉ ዋጋ ከአንድ መካከለኛ ክፍል በላይ ስለሆነ መነጻጸር ያለበት ከሁለት መካከለኛ ክፍሎች ድምር ጋር ነው። የሁለት መታጠቢያ ቤትን ዋጋ የሚያውቀው ስድስት ሰው በአንድ ጠዋት ለማስወጣት የሞከረ ሰው ብቻ ነው። ጉድለቱ ጌጡ ሙሉ በሙሉ የሕፃን መሆኑና ገንዳዎቹ መንሸራተቻ የሌላቸው መሆኑ ነው።

ዋጋና ወቅት

የመካከለኛ ክፍል ዋጋ በቀኑና በወቅቱ ይለዋወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 400 ዶላር ባለው መካከል ይገኛል፤ በገና ሰሞን ከዚያ ይወጣል። በሚታየው ዋጋ ላይ 12.5 በመቶ ግብር ይታከልበታል። ለምሳሌ ክፍሉ በሌሊት 300 ዶላር ቢሆንና አምስት ሌሊት ቢታደር፣ 1,500 ዶላሩ ከግብር ጋር 1,687 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ይህ የአልጋ ብቻ ነው። የፓርክ መግቢያ ለብቻው የሚገዛ ሲሆን፣ ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በነፃ ይገባል፤ ከ3 እስከ 9 ዓመት ያለው በልጅ ዋጋ፣ ከ10 ዓመት ጀምሮ ያለው በአዋቂ ዋጋ ይከፍላል። የእኛ የ11 ዓመት ልጅ በዚህ ስሌት እንደ አያቷ አዋቂ ናት፤ ይህን ስትሰማ በጣም ደስ ብሏታል፤ አባቷ ግን አልተደሰተም።

ርካሹ ወቅት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ፣ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም ያለው ነው። ለእኛ እንቁጣጣሽን እዚያ ለማሳለፍ የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን ወቅቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጨረሻ የሚቆየው የአውሎ ነፋስ ወቅት መካከል ላይ ይወድቃል፤ ሙቀቱም ከባድ ነው። የሰሜን ወሎ ሆነ የደቡብ ደገኛ፣ በጦሳ ሥር ብርድ ለብሶ ያደገ ሰው፣ 33 ዲግሪ ከወበቅ ጋር ሲገናኘው ቀትር ላይ ፓርክ ውስጥ መቆየት አይችልም። ኮምቦልቻ ሙቀት ለምደናል የሚሉትም ቢሆኑ የኮምቦልቻ ሙቀት ደረቅ መሆኑን ያስታውሱ። ቀትር ላይ ወደ ክፍል ተመልሶ፣ ሁለት ሰዓት ተኝቶ፣ አመሻሽ ላይ መውጣት ግድ ይሆናል፤ እዚህ ላይም ከክፍሉ እስከ አውቶቡሱ ያለው ርቀት በቀን ሁለት ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ የሚሄዱት መንገድ ሆኖ ይገኛል።

ክፍል ሲያዝ ክፍሉን ብቻ መያዝና ከቲኬት ጋር በጥቅል መግዛት ልዩነት አላቸው። ክፍሉ ብቻ ከሆነ የአንድ ሌሊት ዋጋ ይያዛል፤ ከመድረሻው ጥቂት ቀናት በፊት ከተሰረዘም ይመለሳል። ጥቅሉ ግን ከ30 ቀን በፊት ካልተሰረዘ ቅጣት አለው። ቪዛቸውን ገና በእጃቸው ያላስገቡ እናት ያሉበት ቤተሰብ ክፍሉን ብቻ ይዞ ቲኬቱን ዘግይቶ ቢገዛ ከጸጸት ይድናል።

መንገዱ

ከዋሽንግተን አካባቢ እስከ ኦርላንዶ በመኪና 1,370 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴ አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ተኩል ሊደርስ ምንም አይቀረው። መንገዱ የተመቸ ቢሆንም ለአዛውንት ረጅም ነው። ከቨርጂኒያዋ ሎርተን ተነስቶ መኪናንም ሰውንም ጭኖ ማታ የሚጓዝና በማግስቱ ጠዋት ኦርላንዶ አጠገብ ሳንፎርድ የሚያደርስ ባቡር አለ፤ መኪናውን ፍሎሪዳ ላይ ለሚፈልግ፣ እግርን ዘርግቶ ለመሄድም ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴሉ በነፃ የሚወስደው አውቶቡስ በ2021 መጨረሻ መቅረቱን ይወቅ፤ አሁን የሚከፈልበት ነው።

ምግብ

በአራቱም መካከለኛ ሆቴሎች ክፍል ውስጥ ትንሽ ማቀዝቀዣና የቡና ማፍያ አለ፤ ማይክሮዌቭም ምድጃም የለም። ጀበና ይዞ መሄድ የሚያስብ ካለ ሐሳቡን ይተው፤ እጣን ማጨስና ከሰል ማቀጣጠል ክልክል ከመሆኑም በላይ የጭስ ጠቋሚው ሕንፃውን በሙሉ ያስወጣል። አቦልም በረካም እህቴ ቤት ቨርጂኒያ ላይ ይጠጣል። በአንጻሩ ፓርኮቹ የራስ ምግብ ይዞ መግባትን ይፈቅዳሉ፤ የመስታወት ጠርሙስና አልኮል ግን አይገባም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ በሰልፍ ለሚንጫጫ ሕፃን ከማንኛውም ነገር ይሻላሉ። ቋንጣ ግን ከአገር ቤት አይላክ፤ ሥጋ በአሜሪካ የጉምሩክ ፍተሻ ይወሰዳል።

ጾመኛ ከሚፈራው በላይ ይቀለዋል። በዲዝኒ ምግብ ቤቶች ዝርዝር ላይ የቅጠል ምልክት የተደረገበት ምግብ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የሌለበት ነው፤ ስለዚህ ፍልሰታን የሚጾሙ እናት አስተርጓሚ ሳይፈልጉ ምልክቱን አይተው ማዘዝ ይችላሉ። ሐላል ለሚፈልግ ቤተሰብ ግን ነገሩ በራሱ አይመጣም፤ አስተናጋጅ ባለው ምግብ ቤት አስቀድሞ ጠይቆ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ዓሣና የቅጠል ምልክት ያለው ምግብ ማዘዝ ነው። በዚህ በኩል ሪቨርሳይድ፣ ኮሮናዶና ካሪቢያን ቢች አስተናጋጅ ያለው ምግብ ቤት በግቢያቸው ስላላቸው ከፍሬንች ኳርተር ይሻላሉ።

የወሰንነው

በመጨረሻ የመረጥነው ሪቨርሳይድን፣ የአሊጌተር ባዩን ባለ አምስት ሰው ክፍል ነው። ትንሹ አልጋ ለ4 ዓመቱ ልጅ ሆነ፤ ከትልልቆቹ አልጋዎች አንዱን እናታችንና የልጅ ልጃቸው ተጋሩት። ከሎቢው አቅራቢያ ላለ ክፍል ትንሽ ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ እህቴ ለማዳን አስባ ነበር፤ እኔ ግን ከአምስቱ ሌሊት ሁሉ ይልቅ ይህ ገንዘብ በቦታው እንደሚውል ተከራክሬ አሸነፍኩ። ፓርክ ውስጥ ለእናታችን መግቢያው ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ተከራይተዋል፤ ያ ወንበር ግን ከፓርኩ ስለማይወጣ ከሆቴሉ ግቢ ውስጥ የሚራመዱት በእግራቸው ነው። አራት ብንሆን ፍሬንች ኳርተርን፣ ልጆቹ ሁሉ ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆኑና እናታችን ባይኖሩ ካሪቢያን ቢችን እንይዝ ነበር። ኮሮናዶን የምይዘው ለግንቡ ክፍል ቅናሽ ባገኝ ብቻ ነው።

ሊፍት በሌለው ሕንፃ የታችኛውን ክፍል ማስያዝ ስለሚገባ፣ ጥያቄውን አስቀድሞ ማስመዝገብና በዋዜማው ደውሎ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሆቴሉ ይሞክራል እንጂ ቃል አይገባም። መግቢያው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት፣ መውጫው ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ጥያቄው ሲጻፍ ግን አንድ ነገር ልብ ይባል፤ እኛ አንደኛ ፎቅ የምንለው ደረጃ ወጥተን የምናገኘውን ሲሆን፣ አሜሪካኖች አንደኛ ፎቅ የሚሉት ምድር ላይ ያለውን ነው። እኔ ከደሴ «አንደኛ ፎቅ እንዳይሆን፣ ግራውንድ ይሁን» ብዬ በጻፍኩት መልእክት እህቴ በመጀመሪያ የጠየቀችው ሁለተኛውን ፎቅ ነበር፤ ስትደውልላቸው አስተካክለውታል።